እህል ውሃ በቱቦ

ታማሚ ልንጠይቅ ስንሄድ ገና በር ላይ ከአፋችን የሚወጣው ጥያቄ «እህል ትቀምሳለች?» የሚለው ነው። «ትቀምሳለች» ከተባለ ጠያቂው ይረጋጋል፤ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል። «እንቢ ብላለች» ከተባለ ግን ድምፅ ይቀንሳል፤ ሩቅ ላሉት ልጆች መደወል ይጀመራል። አማርኛ መብላትንና መኖርን ነጣጥሎ አያያቸውም። ሥራችንን «እንጀራ» እንለዋለን። አብሮ የመኖር ዕጣችን «እህል ውሃ» ነው። ፍቅራችንን ደግሞ በጉርሻ እንገልጻለን።

እንዲህ ባለ ቋንቋ ውስጥ ያደገ ሰው፣ ሐኪም መጥቶ «እናትህ በአፏ መብላት አልቻለችም፤ የምግብ ቱቦ እናስገባላት ወይስ ይቅር?» ቢለው ምን ብሎ ይመልሳል? «ይቅር» የሚል ልጅ ማነው? «ይቅር» ማለት «ትራብ» ማለት ይመስላል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ በብዙ ታማሚዎች አልጋ አጠገብ የሚቀርብበት መንገድ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። የተሳሳተ ጥያቄ ደግሞ ደግ ልጆችን እንኳ እናታቸውን ወደሚያሰቃይ ውሳኔ ሊመራቸው ይችላል።

*

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። የምግብ ቱቦ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአፍንጫ ገብቶ፣ በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ የሚደርሰው ቀጭን ቱቦ ነው። ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት የታሰበ ነው። ትልቁ አደጋው መንገድ ስቶ ሳንባ ውስጥ መግባቱ ነው። ስለዚህ ምግብ ከመላኩ በፊት ጫፉ የት እንዳለ በራጅ፣ ወይም በቱቦው የተሳበውን ፈሳሽ አሲድነት በመለካት መረጋገጥ አለበት። አየር ነፍቶ ሆድ ላይ ማዳመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ግን አስተማማኝ አይደለም።

ሁለተኛው በሆድ ቆዳ በኩል በቀጥታ ጨጓራ የሚገባው ነው። ድሮ ለዚህ ሆድ ተከፍቶ ኦፕራሲዮን መደረግ ግድ ነበር። በ1979 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ማይክል ጋውደረር የተባለ የሕፃናት ቀዶ ሐኪምና ጄፍሪ ፖንስኪ የተባለ የኢንዶስኮፒ ባለሙያ ሌላ መንገድ አመጡ። ኢንዶስኮፑን በአፍ በኩል ጨጓራ ድረስ ያወርዱታል። መብራቱ በሆድ ቆዳ ላይ ፈክቶ ይታያል። በበራው ቦታ መርፌ ይወጋና በመርፌው ክር ይገባል። ክሩ በአፍ በኩል ተስቦ ይወጣል፤ የምግብ ቱቦው ክሩ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ክሩ በሆድ በኩል ሲሳብ ቱቦው በአፍ ገብቶ በሆድ ይወጣል። በቃ። «ፔግ» ይባላል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ኢንጂነሪንግ ለተማረ ሰው ይህ የሚያስቀና መፍትሔ ነው፤ ትልቁን ኦፕራሲዮን በክርና በብርሃን ተኩት።

መጀመሪያ የታሰበው ለሕፃናት ነበር፤ መዋጥ ላልቻሉ፣ ግን ሙሉ ዕድሜ ከፊታቸው ላለ ልጆች። ከዚያ ግን ተስፋፋ፤ በአጭር ጊዜ ዋና ተጠቃሚዎቹ አረጋውያን ሆኑ። ጋውደረር ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲጽፍ፣ ዘዴው ቀላልና አደጋው ዝቅተኛ መሆኑ ራሱ ከልክ በላይ እንዲሠራበት መንገድ እንደሚከፍት አስጠንቅቋል። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ባሕርይ ያውቀዋል። አንድ ነገር በአንድ ክሊክ የሚሠራ ሲሆን «መሠራት አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይጠፋል። አዝራሩ ስላለ ይጫናል።

አደጋውስ? ሥራው ራሱ በቀጥታ የሚገድለው ሰው ጥቂት ነው። በብዛት የሚያጋጥመው በቀዳዳው ዙሪያ የሚነሳ ኢንፌክሽን ሲሆን፣ ቀድሞ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይቀንሰዋል። ቱቦው ሊያፈስ ወይም ሊዘጋ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ቀዳዳው ገና ሳይጠና ታማሚው ነቅሎ ካወጣው ግን የጨጓራው ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል፤ ያ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ምክንያቱም ቱቦ ነቅለው የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ ለምን እንደገባላቸው የማይገባቸው ሰዎች ናቸው።

*

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያላቸውንና በሆዳቸው የምግብ ቱቦ የገባላቸውን 81,105 አረጋውያን ተከታተለ። በ30 ቀን ውስጥ 23.9 በመቶው ሞቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ 63 በመቶው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 81.3 በመቶው።

ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት አድርጎ ያነበዋል። አንዱ «አያችሁ፣ ቱቦ ይገድላል» ይላል። ስህተት ነው፤ ቱቦ የሚገባላቸው መጀመሪያውኑ በጠና የታመሙት ናቸው። ሌላው «ቱቦው ባይኖር ሁሉም ይሞቱ ነበር፤ ዓመቱን የተሻገሩት 37 በመቶዎቹ በቱቦው ነው የዳኑት» ይላል። ይህም ከቁጥሩ አይወጣም፤ በሌላ ምክንያት የኖሩ ይኖሩባቸዋል። ቁጥሩ በዋናነት የሚነግረን ስለ በሽታው ነው። ቱቦው ራሱ ምን እንደጨመረ ለማወቅ፣ በሽታቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ግን ቱቦ ያልገባላቸው ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ለአንድ በሽታ፣ ለጠና የመርሳት በሽታ፣ እንዲህ ያለ ንጽጽር ተሠርቷል። በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ፣ በሽታቸው የመጨረሻ ደረጃ የደረሰና መብላት የጀመረ ያስቸገራቸው 36,492 ሰዎችን መረመረ። ቱቦ የገባላቸውና ያልገባላቸው በዕድሜ ርዝመት አልተለያዩም። ቱቦውን ቀድሞ ማስገባትም ሆነ ዘግይቶ ማስገባት ለውጥ አላመጣም። በ1999 የወጣ ሌላ ሰፊ ግምገማም፣ ቱቦው በእነዚህ ሰዎች ላይ የሳንባ ምችን፣ የአልጋ ቁስልንና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን ስለመከላከሉ ማስረጃ አላገኘም። እርግጥ ሁሉም የምልከታ ጥናቶች ናቸው፤ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ የተሠራ አይደለም። ቢሆንም የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበርም በዚህ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች ቱቦ እንዳይመከር፣ በምትኩ በእጅ በጥንቃቄ እንዲጎርሱ ይመክራል። ልማዱም ተቀይሯል፦ እዚያው አገር በመንከባከቢያ ከሚኖሩ የጠና የመርሳት በሽታ ታማሚዎች መካከል ቱቦ የሚገባላቸው በ2000 ከነበረው 11.7 በመቶ በ2014 ወደ 5.7 በመቶ ወርዷል።

ለምን አይሠራም? አንደኛ፣ ቱቦው የአፍን መንገድ ያልፋል እንጂ ምራቅ ወደ ሳንባ ከመውረድ፣ የጨጓራ ይዘትም ወደ ላይ ከመመለስ አያግድም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ጠለቅ ይላል። ሰርቨር ሊወድቅ ሲል አላርም ይጮሃል። አላርሙ ሰርቨሩን አልጣለውም፤ አላርሙን ዝም ማሰኘትም ሰርቨሩን አያድነውም። በዚህ በሽታ መጨረሻ ላይ አእምሮ መዋጥን ራሱን ይረሳል። ሰውዬው እየሞተ ያለው መብላት ስላቆመ ብቻ አይደለም፤ መብላት ያቆመው እየሞተ ስለሆነም ነው። እኛ የምናየው ግን መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ።

*

አያቴን የመርሳት በሽታ ከያዛት ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። መጀመሪያ ስማችንን ረሳች፤ ቀጥሎ ቤቱን፤ በመጨረሻ ጉርሻውን ጉንጯ ውስጥ ይዛ መቀመጥ ጀመረች፤ ምን እንደሚደረግበት የጠፋት ትመስል ነበር። ትን ይላታል፤ ከዚያ የሳንባ ምች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተኛች። በአፍንጫዋ ቱቦ ገባላት። ነቀለችው። እንደገና ገባ፤ እንደገና ነቀለችው። በሦስተኛው እጇን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ በቪዲዮ ስትደውል ቱቦው ይውጣ የሚል ሐሳብ ተነስቶ እንደነበር ሰምታለች። «እናቴን በረሃብ ልትገድሏት ነው?» አለች። አባቴ መልስ ለመስጠት ቆየ። ስልኩን ወደ አልጋው አዙሮ ፋሻውን አሳያት። «እህቴ፣ እጇን አስረን ነው የምናበላት» አለ። ከዚያ ወዲያ ያን ቀን ብዙ አልተወራም።

በሦስተኛው ቀን ቱቦው ወጣና ወደ ቤት መጣች። የአጎቴ ልጅ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ቀና አድርጋ ታስደግፋታለች፤ ወፈር ያለ አጥሚት በሻይ ማንኪያ ትሰጣታለች፤ እስክትውጥ ትጠብቃለች፤ ፊቷን ስታዞር ታቆማለች። አንዳንድ ቀን አሥር ማንኪያ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ጊዜ ነበር። ሰባት ሳምንት ኖረች። ቱቦው ቢቀጥል ይበልጥ ትኖር ነበር ወይ የሚለውን ለአንድ ሰው ሁለቱንም መንገድ ሞክሮ ማወቅ አይቻልም። የማውቀው በእነዚያ ሳምንታት በቀን ሦስት ጊዜ አንድ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይኗን ያይ እንደነበር ነው።

እዚህ ላይ ነው «ቱቦ ይግባ ወይስ ይቅር» የሚለው ጥያቄ ስህተቱ የገባኝ። ቱቦውን «ይቅር» ማለት ምንም አለማድረግ አይደለም። እንዲያውም የሚበልጠው ሥራ እሱ ነው። ቱቦ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ማጉረስ ሰው ይፈልጋል፤ በእኛ ቤቶች ደግሞ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ደመወዟንና እንቅልፏን ከፍላ ነው የምታጎርሰው። ስለዚህ «ቱቦው ይቅር፣ በክብር ትሰናበት» ብሎ የወሰነ ዘመድ ማንኪያ ሳይዝ ወደ ቤቱ ከሄደ፣ የአክስቴ ክስ እሱ ላይ እውነት ይሆናል። ያኔ በእርግጥም ረሃብ ነው። ውሳኔው ትክክል የሚሆነው ከኋላው የሚቀመጥ ሰው ካለ ነው፤ ያንን ሰው ማገዝም የሁሉም የቤተሰቡ ዕዳ ነው።

*

የአክስቴን ጥያቄ ግን በዚህ ብቻ ማለፍ አይቻልም። አለማብላት መግደል ነው ወይ? ጥያቄው ከቱቦው ይቀድማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሳላማንካው የሥነ መለኮት መምህር ፍራንሲስኮ ደ ቪቶሪያ በሕመም የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ፣ ለመብላት ትልቅ ሥቃይ የሚጠይቀው ሰው ባይበላ ኃጢአት ይሆንበታል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ እንደማይሆንበት መልሷል። ከዚህና መሰል ክርክሮች ነው በካቶሊክ አስተሳሰብ ውስጥ «የተለመደ» እና «ከልክ ያለፈ» የሚባለው የሕክምና ልዩነት የበቀለው። ሰው ሕይወቱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግን በማናቸውም ዋጋ አይደለም።

ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2004፣ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ራሳቸውን ስተው ለዓመታት ስለሚኖሩ ሰዎች ሲናገሩ፣ በቱቦም ቢሆን ምግብና ውሃ ማቅረብ ሕክምና ሳይሆን ተፈጥሯዊ እንክብካቤ ነው፤ በመርህ ደረጃም ግዴታ ነው አሉ። በዓመቱ ይህ ክርክር ፍሎሪዳ ላይ ፈነዳ። ቴሪ ሻይቮ ከ1990 ጀምሮ ራሷን ስታ በቱቦ ስትመገብ ኖራለች። ባሏ ይህን አትፈልግም ነበር አለ፤ ወላጆቿ ትኑር አሉ። ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተከራከሩበት፤ ኮንግረስና ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ ገቡበት። ቱቦው መጋቢት 18 ቀን 2005 ወጣ፤ መጋቢት 31 ሞተች። በዚያው ሳምንት ጳጳሱ ራሳቸው በአፍንጫ ቱቦ እየተመገቡ ነበር፤ ሚያዝያ 2 ቀን አረፉ።

ብዙ ሰው የሻይቮንና የአያቴን ጉዳይ አንድ አድርጎ ያያል። አይደለም። የሻይቮ ሰውነት ምግቡን እየተቀበለ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቷል። እዚያ ቱቦው በትክክል ሕይወት ያስቀጥላል፤ ሲወጣ ሕይወት ያልፋል። «ቱቦው ዕድሜ አይጨምርም» የሚለው የእኔ ክርክር እዚያ ምንም አይረዳም። የጳጳሱን ቃል ወስዶ ሰውነቷ እየተሰናበተ ላለች የ90 ዓመት እናት፣ ወይም የመርሳት በሽታን ጥናት ወስዶ ለሻይቮ መጠቀም ሁለቱም ስህተት ናቸው።

በመካከል ያለው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎች ላይ የተሠራ፣ በ2005 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ። 859 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ቱቦ ቶሎ ገባላቸው፤ ግማሾቹ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ቆዩ። ቶሎ የገባላቸው ሞት በ5.8 ነጥብ ያነሰ ሆኖ ታየ፤ በአጋጣሚ የመጣ ልዩነት ሊሆን የሚችልበት ዕድል ግን አልተወገደም። «ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት» ተብሎ አንድ ላይ ሲቆጠር ልዩነቱ 1.2 ነጥብ ብቻ ሆነ። በሌላ አነጋገር፣ ቱቦው ካተረፋቸው አብዛኞቹ የተረፉት ከከባድ ጉዳት ጋር ነው።

ታዲያ ይህ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ? ከባድ ጉዳት ያለበትን ሕይወት «ዋጋ የለውም» ለማለት እኔ ማነኝ? አልጋ ላይ ሆኖ የልጅ ልጁን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ የሚፈካ ሰው አለ። «እንዲህ ከምሆን ብሞት» ብሎ ደጋግሞ የተናገረም አለ። ጥናቱ የሚቆጥረው ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ዳታ መልስ አይሰጥም፤ መልሱ ያለው ሰውዬው ጋ ነው። በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በናንሲ ክሩዛን ጉዳይ ላይ የተከራከረው ስለዚሁ ነበር፦ በመኪና አደጋ ራሷን የሳተች ወጣት ቱቦውን አትፈልግም ነበር ወይ? ፍርድ ቤቱ ሚዙሪ ግዛት የታማሚዋን ፈቃድ የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች አለ። ማለትም ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው አንድ ወጣት ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ በተናገረችው ላይ ነበር።

*

ይህን አንብቦ «ቱቦ መጥፎ ነው» ብሎ የሚወጣ እንዳይኖር። ኤ.ኤል.ኤስ የሚባለው ጡንቻን የሚያሽመደምድ በሽታ የያዘው፣ አእምሮው ንቁ የሆነ ሰው ቱቦ ክብደቱን ይጠብቅለታል፤ ዕድሜውንም ሳያራዝምለት አይቀርም። ኮስቲክ ሶዳ በስህተት የጠጣ ሕፃን፣ የምግብ ቧንቧው እስኪታከም ቱቦ ሕይወቱ ነው። እኛ አገር በተለይ በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ታማሚዎቹ ብዙ ጊዜ ሐኪም ጋ የሚደርሱት ውሃ እንኳ አልወርድ ሲላቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ይርባቸዋል። መንገዱ ተዘጋ እንጂ ሰውነታቸው እህል አልጠላም። ለእነሱ «ይቅር» ማለት በትክክል ማስራብ ነው፤ ጥያቄያቸውም «ይግባ ወይስ ይቅር» ሳይሆን «የት ይገኛል፣ በስንት ብር» ነው። አሜሪካ ቱቦ በዛ ብላ ስትመከር፣ እኛ ጋ የጎደለው ራሱ ቱቦው የሆነባቸው ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ሐኪሙ ያን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ መልሰን የምንጠይቀው አለን። መዋጥ ያቃታት መንገዱ ተዘግቶ ነው ወይስ ሰውነቷ እየተሰናበተ ነው? ይርባታል? ቱቦው ከገባ የሚወጣው መቼ፣ ምን ሲሻላት ነው? ልትነቅለው ብትሞክር እጇን እናስራለን? ካልገባስ ማን ነው የሚያጎርሳት?

አንዱን ጥያቄ ግን ሐኪም አይመልሰውም፤ መጠየቅ ያለበትም አሁን ነው፤ ወላጆቻችን ቡና እየጠጡ፣ እየሳቁ ሳለ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ «አታሟርት» ይባላል። ባለፈው ፋሲካ ማግስት አባቴን ጠየቅሁት። ሳቀና «ጣዕሙን የማላውቀውን ነገር ሆዴ ውስጥ እንዳታፈሱብኝ» አለ። እናቴ «ኧረ ተዉ በስመ አብ!» አለች። እሱ ግን እያሰበ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ለወር ለሁለት ወር ከሆነ፣ የምድን ከሆነ ግን አስገቡልኝ» አለ። በስልኬ ጻፍኩት፤ ቀኑንም ጨምሬ፤ ለአክስቴም ላክሁላት።